አንገትና ትከሻ ለያዛችሁ የጎንደር ቢሮ ሠራተኞች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎንደር ውስጥ ከጧቱ 2፡30 ገብተው 11፡30 እስኪሆን ኮምፒውተር ላይ የሚያፈጡ ሰዎች ጥያቄያቸው ይመሳሰላል። ፒያሳ ባንክ መስኮት ጀርባ የሚቀመጠውም፣ ማዘጋጃ ቤት ፋይል የሚያገላብጠውም፣ ማራኪ ግቢ የፈተና ወረቀት የሚያርመውም ከሰዓት በኋላ እጁን ማጅራቱ ላይ ያደርጋል። እዚህ የሰበሰብነው ከነሱ አፍ የሚሰሙትን ጥያቄዎች ነው። ከመልሶቹ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙ፦ ከመጉበጥ በላይ የሚጎዳው አንድ ቦታ ደርቆ መቅረት ነው።

ከባድ ነገር ሳላነሳ ማጅራቴን ለምን ያመኛል?

አንስታችኋል እንጂ፤ ጭንቅላታችሁን። የአዋቂ ሰው ጭንቅላት 5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሞልታችሁ ደረታችሁ ላይ ብታቅፉት ብዙም አይከብድም። እጃችሁን ወደ ፊት ዘርግታችሁ ያዙት እስቲ። ብዙም ሳይቆይ ክንዳችሁ ይንቀጠቀጣል። ውሃው አልጨመረም፣ ከሰውነታችሁ ራቀ እንጂ። አንገትም ላይ የሚሆነው ይኸው ነው። ፊታችሁ ወደ ስክሪኑ በተሳበ ቁጥር ከማጅራት እስከ ትከሻ ያሉት ጡንቻዎች ጭንቅላታችሁ እንዳይወድቅ ከኋላ ጎትተው ይይዙታል።

ጡንቻ ደም እንደልቡ የሚያገኘው አንዴ ሲኮማተር አንዴ ሲላላ ነው። ለሰዓታት ተወጥሮ ሲቆይ ይደክማል፣ ይጠጥራል፣ በጣት ሲነካ ያማል። ያ "ተቋጥሯል" የምትሉት ቦታ ብዙ ጊዜ ይህ ነው። የሥራ ጭንቀት ሲጨመርበት ደግሞ ትከሻ ሳይታወቀን ወደ ጆሮ ይወጣል። አሁን ይህን እያነበባችሁ ትከሻችሁ የት ነው? አውርዱት።

"ስልክ ስታዩ አንገታችሁ 27 ኪሎ ይሸከማል" የሚል ሥዕል በቴሌግራም ደርሷችሁ ይሆናል። ቁጥሩ በ2014 እ.ኤ.አ. አንድ የአሜሪካ የአከርካሪ ቀዶ ሐኪም በኮምፒውተር ሞዴል ካወጣው ስሌት የተወሰደ ነው፤ አንገት 60 ዲግሪ ሲያጎነብስ ማለት ነው። በሕያው ሰው አንገት ላይ የተለካ አይደለም። ሐሳቡ ልክ ነው፤ ባጎነበሳችሁ ቁጥር ጫናው ይጨምራል። ግን አትሸበሩ፤ አንገት ለማጎንበስም የተፈጠረ ነው።

"ብርድ መቶህ ነው" ይሉኛል። እውነት ነው?

በከፊል። የጎንደር ጧት ይቀዘቅዛል፣ ቢሮውም ፀሐይ እስክትገባበት በረዶ ነው። ሰው ሲበርደው ትከሻውን ሰብስቦ አንገቱን ይቀብራል። እንዲያ ተኮማትሮ ሲውል ጡንቻው ይወጠራል። ነገር ግን ጋቢ ደርባችሁ ቀኑን ሙሉ ሳትንቀሳቀሱ ብትቀመጡም ያው ያማችኋል። ሰበቡን ሁሉ መስኮቱ ላይ መለጠፍ አያዋጣም።

ሙቀት ግን ሕመሙን ያስታግሳል። በሞቀ ውሃ ተነክሮ የተጨመቀ ፎጣ ለ15 ደቂቃ ያህል ማጅራት ላይ ማድረግ ጡንቻውን ያላላል። ቆዳ እንዳያቃጥል በእጃችሁ ሞክሩት። ከዚያ በኋላ መንቀሳቀሱ ይቀላል፤ ፎጣው ብቻውን ግን የነገውን አያስቀርም።

ቀኑን ሙሉ ቀጥ ብዬ መቀመጥ አለብኝ?

የለባችሁም። አትችሉትምም። ደረቱን ነፍቶ እንደ ዘብ የተቀመጠ ሰው ከሩብ ሰዓት በኋላ ወገቡን ይዞ ሲያቃስት ታገኙታላችሁ።

ጥሩ መነሻ የሚሆነው አቀማመጥ ቀላል ነው። መቀመጫችሁን ወንበሩ ጥግ ድረስ አስገቡ፣ ጀርባችሁን አስደግፉ፣ እግራችሁ መሬት ይርገጥ፣ ጆሯችሁ ከትከሻችሁ በላይ ይሁን፣ ክርናችሁ ከጎናችሁ ይረፍ። ይህ መነሻ ነው አልኩ እንጂ መታሰሪያ ነው አላልኩም። ትንሽ ቆይታችሁ ተደገፉ፣ ወደ ፊት ቅረቡ፣ እግር ቀይሩ። በየግማሽ ሰዓቱ ገደማ ተነሱ። ፋይሉን በተላላኪ ከመላክ ራሳችሁ አድርሱት። ስልክ ሲደወል ቆማችሁ አናግሩ። የቢሮ ቡና ሲፈላ ስኒው ጠረጴዛችሁ ድረስ እንዲመጣላችሁ አትጠብቁ። አንድ አቀማመጥ ምንም ያህል ቢያምር ሁለት ሰዓት ከቆያችሁበት ያማል።

የትኞቹን እንቅስቃሴዎች ልሥራ?

ኢንተርኔት ላይ መቶ ዓይነት አለ። ለቢሮ ሰው የሚበቁት ግን ጥቂት ናቸው። በደንብ የተሠሩ ጥቂቶች በጥድፊያ ከተሠሩ ሃያዎች ይሻላሉ።

አገጭን ወደ ኋላ መሳብ። ከሁሉም አንዱን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ይህን እመርጣለሁ፣ ስለዚህ ዘርዘር ላድርገው። ቀና ብላችሁ ተቀመጡ፣ ዓይናችሁ ፊት ለፊት ይይ። ሁለት ጣት አገጫችሁ ላይ አድርጉ። አሁን ጣቶቹን ባሉበት ትታችሁ አገጫችሁን ከነሱ አርቁ፣ ወደ ኋላ። አገጭ ወደ ደረት አይደፋም፣ ወደ ጣሪያም አይነሳም፤ እንደ መሳቢያ በቀጥታ ነው የሚሄደው። ጉሮሯችሁ ሥር ድርብ አገጭ ከወጣ አገኛችሁት ማለት ነው። መልክ አያሳምርም፣ ግን ልክ ነው። ከራስ ቅላችሁ ሥር ከኋላ በኩል መለጠጥ ይሰማችኋል፤ ከፊት ደግሞ ከጉሮሮ ጀርባ ያሉት ትናንሽ ጡንቻዎች ሲሠሩ። ቀኑን ሙሉ ሥራ ፈትተው የሚውሉት እነዚህ ናቸው። 5 ሰከንድ ያዙ፣ ልቀቁ፣ 10 ጊዜ ድገሙ። ጥርሳችሁን አትንከሱ፣ ትንፋሻችሁንም አትያዙ። ተቀምጣችሁ ካልመጣላችሁ ማታ አልጋ ላይ በጀርባችሁ ተኝታችሁ ሞክሩት፤ ፍራሹ አቅጣጫውን ያሳያችኋል።

የትከሻ አጥንቶችን ማቀራረብ። ጀርባችሁ ላይ ያሉትን ሁለቱን ሰፋፊ አጥንቶች ወደ መሐል እና ወደ ታች ሳቡ። "ወደ ታች" የምትለዋን አትርሱ። ብዙ ሰው ትከሻውን ወደ ጆሮው እየሰቀለ ይሠራውና "ባሰብኝ" ይላል። ይህም 5 ሰከንድ፣ 10 ጊዜ።

ደረት መክፈት። በር መቃን መሐል ቁሙ። ክርናችሁን በትከሻ ከፍታ አጥፋችሁ ክንዳችሁን መቃኑ ላይ አስደግፉ። አንድ እግር ወደ ፊት ተራመዱ፣ ደረታችሁ ሲለጠጥ ቁሙ። ከ20 እስከ 30 ሰከንድ፣ ሁለት ሦስቴ። ኪቦርድ ላይ የሚውል ሰው የደረቱ ጡንቻ እያጠረበት ትከሻውን ወደ ፊት ይጎትታል፤ ይህ እሱን ያላላል። ባለ ጉዳይ የሚበዛበት በር ላይ ባትሠሩት ይመረጣል።

የላይኛውን ጀርባ ወደ ኋላ መለጠጥ። ጎማ የሌለው፣ መደገፊያው እስከ መሐል ጀርባ የሚደርስ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጎማ ያለው ወንበር ሸርተት ይልና ሌላ ታሪክ ይመጣል። እጃችሁን ከራስ ቅላችሁ ጀርባ አቆላልፋችሁ አንገታችሁን ደግፉ፣ ከዚያ ደረታችሁን ወደ ጣሪያው እያነሳችሁ በመደገፊያው ላይ ወደ ኋላ ዘንበል በሉ። ከ5 እስከ 8 ጊዜ፣ በዝግታ። የሚታጠፈው ደረት ያለበት የጀርባ ክፍል ነው፤ አንገት እጅ ላይ ያርፋል። ልዩነቱን ማየት የፈለገ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ይሂድ። ጣሪያው ላይ የተሳሉትን የመላእክት ፊቶች ለማየት አንገቱን ብቻ የሚቀለብስ ጎብኚ ቶሎ ማጅራቱን ማሸት ይጀምራል። ደረቱን ከፍቶ የሚያየው ይቆያል።

አንገትን ወደ ጎን። በቀኝ እጃችሁ የወንበሩን ጠርዝ ያዙ፣ ግራ ጆሯችሁን ወደ ግራ ትከሻችሁ አቅርቡ። ከ20 እስከ 30 ሰከንድ፣ ከዚያ በሌላው በኩል። በሌላኛው እጃችሁ ጭንቅላታችሁን አትጎትቱ፤ የራሱ ክብደት ይበቃዋል።

ግድግዳ። ጀርባችሁን፣ መቀመጫችሁንና ከቻላችሁ ራሳችሁን ግድግዳ አስነኩ፣ ተረከዛችሁን አንድ ስንዝር አርቁ። "እጅ ወደ ላይ!" እንደተባለ ሰው ክርናችሁን አጥፋችሁ አንሱ፣ ከዚያ ክንዳችሁን ግድግዳው ላይ እያንሸራተታችሁ ወደ ላይ ወደ ታች። 8 ጊዜ ያህል። መጀመሪያ ላይ እጅ ግድግዳ አይነካም። ችግር የለም፣ ወገባችሁን ቆልምማችሁ ብቻ አታስገድዱት።

መለጠጥ ብቻ ይበቃል? ጂም መግባት አለብኝ?

ጂም ግዴታ አይደለም። መለጠጥ ብቻውን ግን አይበቃም። መለጠጥ ያላላል፣ ደስ ይላል፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ሕመሙ ተመልሶ ይመጣል። ጡንቻው ቀኑን ችሎ እንዲውል ጉልበት ያስፈልገዋል።

በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ የዴንማርክ ጥናት እዚህ ላይ ልብ ያሞቃል። አንገትና ትከሻቸውን በተደጋጋሚ የሚያማቸው 198 ሰዎች በሦስት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን በሚለጠጥ ጎማ በቀን 2 ደቂቃ፣ ሁለተኛው 12 ደቂቃ፣ በሳምንት 5 ቀን ለ10 ሳምንት ክንዳቸውን ወደ ጎን የማንሳት ስፖርት ሠሩ። ሦስተኛው ይህን አልሠራም። የሁለቱም ቡድኖች ሕመም ካልሠራው ቡድን ይልቅ ቀነሰ። ሁለት ደቂቃ! ጊዜ የለኝም የሚለው ሰበብ እዚህ ላይ ያልቃል።

የስፖርት ጎማ መግዛት የግድ አይደለም። ጎሚስታ ጋ ጎራ በሉና የተጣለ የብስክሌት ካላማዳሪያ ጠይቁ። አጥባችሁ ቁረጡት። እንዳይበጠስ ስንጥቅ ያለበትን አትቀበሉ፤ ተበጥሶ ዓይን ቢመታ ቀልድ አይደለም። መሐሉን ረግጣችሁ ሁለቱን ጫፍ ያዙ፣ ክንዳችሁን ከጎን እስከ ትከሻ ከፍታ አንሱ፣ በዝግታ መልሱ። ሌላም ይሠራል፦ ጠንካራ የመስኮት ብረት ላይ አስራችሁ ክርናችሁን ከጎናችሁ እያሳለፋችሁ ወደ ኋላ ሳቡ። ካላማዳሪያው ካስጠላችሁ ውሃ የሞላ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ በየእጃችሁ ያዙ። ሲቀላችሁ ወደ አንድ ሊትሩ እደጉ።

በቀን ስንቴ? ለውጡስ መቼ ይታያል?

አገጭ መሳብና የትከሻ አጥንት ማቀራረብ ትንንሽ ስለሆኑ በየሰዓቱ ቢሠሩም አይበዙም። መለጠጦቹ በቀን ሁለቴ፣ የጉልበቱ ሥራ በሳምንት ከ3 እስከ 5 ቀን ይበቃል።

ማንም ሰው በአላርም ለረጅም ጊዜ አይዘልቅም። ቀድሞ ባለ ልማድ ላይ ማንጠልጠል ይሻላል። ኮምፒውተሩ እስኪከፈት አገጭ፣ ለምሳ ከመውጣታችሁ በፊት በር መቃን፣ ከሻይ በኋላ ካላማዳሪያ። "ሲስተም የለም" በተባለ ቁጥር አንድ ዙር የሚሠራ ሰው ደግሞ በወር ውስጥ ስፖርተኛ ይሆናል።

መጠነኛ እፎይታ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊሰማችሁ ይችላል። ጡንቻ እስኪጠነክር ግን ሳምንታት ይፈጃል፤ ከ6 እስከ 12 ሳምንት አስቡ። መጀመሪያ ሰሞን ቀለል ያለ የስፖርት ድካም ይኖራል። ሹል ሕመም፣ ማዞር፣ ወይም ወደ ክንድ የሚወርድ ንዝረት ከመጣ ግን አቁሙ።

ሰው እያየኝ አፍራለሁ። ምን ይሻላል?

አገጭ መሳብን ማንም ልብ አይለውም፤ ስክሪኑን እያያችሁ የምታስቡ ይመስላቸዋል። የትከሻ አጥንትንም እንዲሁ። የቀረውን አንድ የሥራ ባልደረባ ይዛችሁ ሥሩት። ሁለት ሰው ሲሠራ መሳቂያነቱ ይቀራል፣ ሳምንት ሳይሞላም ሦስተኛው "እኔንም አሳዩኝ" ብሎ ይመጣል።

ወንበሬና ጠረጴዛዬ አይመቹም፣ መሥሪያ ቤቱ ደግሞ አይቀይርም። ምን ላድርግ?

ባለው ነገር መላ ይፈለጋል። የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ከዓይናችሁ እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ርቀቱም አንድ ክንድ ያህል ይሁን። ዝቅ ካለ ሥሩ ደስጣ ወረቀት አስገቡ። አንድ ያልተከፈተ ባለ 500 ደስጣ 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ያደርጋል፤ ለብዙ ሰው ሁለት ይበቃል። ንብረት ክፍል ካጉረመረመ የድሮ ዶሴም ያገለግላል። በታችኛው በኩል የሚያነቡበት መነጽር ያላችሁ ግን ስክሪኑን ብዙ አትስቀሉት፤ አገጫችሁን እያነሳችሁ ታነባላችሁና።

ላፕቶፕ ከሁሉ ይብሳል። ስክሪኑ ከፍ ሲል ኪቦርዱም አብሮ ይወጣል፣ ኪቦርዱ ሲመች ስክሪኑ ይወርዳል። መፍትሔው ላፕቶፑን ሰቅሎ የተለየ ኪቦርድና ማውስ መሰካት ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ገንዘብ የማወጣበት አንድ ዕቃ ምረጥ ብባል ኪቦርዱን ነው የምመርጠው።

ወንበሩ ከፍ ብሎ እግራችሁ ከተንጠለጠለ ካርቶን ወይም ደስጣ እግር ሥር። መደገፊያው ከወገባችሁ ከራቀ የተጠቀለለ ፎጣ ከወገብ ጀርባ። ማውሱን አቅርቡት፤ እጅ ተዘርግቶ ሲውል የሚያመው ትከሻ ነው። ባለ ጉዳይ ሁልጊዜ በግራ በኩል የሚመጣባችሁ ከሆነ አንገታችሁን ብቻ አትጠምዝዙ፣ ከነወንበራችሁ ዙሩ።

አንድ የሚዘነጋ ነገር ልጨምር። ፊደሉ ስለማይታየው ብቻ ወደ ስክሪኑ የሚሳብ ሰው ሞልቷል። ዓይናችሁን ካስመረመራችሁ ብዙ ጊዜ ከሆነ ከአንገቱ በፊት እሱን ታዩ። እስከዚያው የፊደሉን መጠን አሳድጉ።

ስልክስ?

ስልኩን ወደ ዓይን እንጂ ዓይንን ወደ ስልኩ አታውርዱ። ክርናችሁን በሌላው እጅ ወይም ቦርሳ ላይ ብታስደግፉ ክንድ አይደክምም። በጆሮና በትከሻ መሐል አጣብቆ እያወሩ መጻፍን ተዉት። ከአዘዞ ፒያሳ ድረስ ባጃጅ ውስጥ አቀርቅሮ ቲክቶክ የሚያይ ሰው ደግሞ ባጃጁ በነጠረ ቁጥር አንገቱም አብሮ ይነጥራል። ያን ጊዜ ቀና ብላችሁ መንገዱን እዩ።

ፀጉር ቤት አንገቴን "ቀጭ" ሲያደርጉልኝ ደስ ይለኛል። ይጎዳል?

ተቆርጣችሁ ስትጨርሱ ጭንቅላታችሁን ይዞ በድንገት የሚጠመዝዘውን ማለታችሁ ነው። ራሳችሁ በቀስታ ስትዞሩ የሚሰማው ቀጭታ ብዙ ጊዜ ከመጋጠሚያ ውስጥ ያለ ጋዝ ድምፅ ነው፤ ካላመመ አያስጨንቅም። ሌላ ሰው በኃይልና በድንገት ሲጠመዝዝ ግን ነገሩ ይለያል። በአንገት አጥንቶች ውስጥ ወደ አንጎል የሚወጡ የደም ሥሮች ያልፋሉ። ሲጠመዘዙ የመሰንጠቅ ዕድላቸው ትንሽ ነው፣ ከተሰነጠቁ ግን ስትሮክ ሊያመጡ ይችላሉ። ለሁለት ሰከንድ ደስታ ይህ አያዋጣም። "ማሸቱ ይበቃል፣ አንገቴን ተወው" በሉት። አይቀየምም።

ወጌሻም ጋ ያው ነው። ቀለል ያለ ማሸት የሚያስታግሰው ሰው አለ። እጁ ወይም ጣቱ የሚደነዝዝበት፣ ወይም ከአደጋ በኋላ ያመመው ሰው ግን ሳይመረመር አንገቱን ለማንም አይስጥ።

ትከሻዬ ወደ ፊት ጎብጧል። ዕድሜዬ ከ40 አልፏል። ይቃናል?

ከልማድና ከጡንቻ መድከም የመጣ ከሆነ በደንብ ይሻሻላል፤ ዕድሜ አያግደውም። እንደ ሃያ ዓመት ወጣት ባትቃኑ እንኳ ሕመሙና ድካሙ ይቀንሳል፣ ከዚህም በላይ የሚፈለግ ነገር የለም። አጥንቱ ራሱ ቅርጹን የቀየረበት ሰው ግን በስፖርት ቀጥ አይልም። ለመለየት ቀላል ሙከራ አለ። ወለል ላይ በጀርባችሁ ተኙ። ጉብጠቷ ከተዘረጋች ብዙ ተስፋ አላት። ጨርሶ ካልተዘረጋች፣ ወይም በአጭር ጊዜ የመጣች ከሆነች፣ ሐኪም ይያት።

በኢንተርኔት የሚሸጠውን የትከሻ ማቃኛ ቀበቶ በተመለከተ፣ እኔ አልገዛውም። ሲታሰር ያስታውሳል፣ ሲፈታ ትከሻው ተመልሶ ይወድቃል። ጡንቻውን አይሠራላችሁም።

እስክስታ እንደ ስፖርት ይቆጠራል?

በሰርግ ቤት የጠየቀኝ ሰው ቀልድ መስሎት ነበር፤ ጥያቄው ግን የምር ነው። እስክስታ ሲወረድ የትከሻ አጥንቶች ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች ይሄዳሉ። ቢሮ ውስጥ ደርቆ የዋለው ክፍል ይኸው ነው። በዝግታ፣ አንገትን ሳይወረውሩ፣ ለአንድ ዘፈን ያህል ትከሻን መስበቅ ጥሩ ማሟሟቂያ ነው። ሕመሙ በተነሳበት ቀን ግን አንገት እያስወነጨፉ መውረዱ ይቅርባችሁ። ለጉልበት ሥራው ደግሞ ምትክ አይሆንም፤ ካላማዳሪያውን አትጣሉት።

ስግደት አንገቴን ይጎዳዋል?

ጤናማ ሰውን አይጎዳም፤ እንዲያውም ሙሉ ሰውነት ይንቀሳቀሳል። የሚያስቸግረው ዓመቱን ሙሉ ወንበር ላይ ከርሞ ሰሙነ ሕማማት ላይ በአንዴ ሲበዛ ነው። ስትወርዱ ክብደታችሁን እጃችሁና ጉልበታችሁ ይቀበል፣ ግንባር መጨረሻ ላይ በቀስታ ይንካ፣ ስትነሱም በእጃችሁ ገፍታችሁ እንጂ በአንገታችሁ አትነሱ። ጾሙ ሲገባ በትንሹ ጀምሮ መጨመር ይሻላል። በማሕሌት መቋሚያ ተደግፋችሁ የምትቆሙ ደግሞ ሁልጊዜ በአንድ ብብት አትንጠልጠሉ፣ ቀይሩ።

ለሶላትም ምክሩ ያው ነው። መጨረሻ ላይ ፊትን ወደ ቀኝና ወደ ግራ ማዞሩ በዝግታ ከተደረገ ለአንገት ጥሩ እንቅስቃሴ ነው። አንገቱ የደረቀበት ሰው እስከቻለው ድረስ ብቻ ይዙር። ራስ ማዞር ወይም ከፍተኛ የደም ግፊት ያለበት ሰው በሁለቱም ላይ ሐኪሙን ያማክር።

ትራሴን ልቀይር?

በጎናችሁ የምትተኙ ከሆነ ትራሱ በጆሮና በትከሻ መሐል ያለውን ክፍተት ይሙላ። በጀርባችሁ ከሆነ ዝቅ ያለ ይሻላል። በሆድ መተኛት አንገትን ሌሊቱን ሙሉ አዙሮ ያሳድራል፤ ቢቀር ጥሩ ነው። ውድ ትራስ ተአምር አይሠራም።

ዲክሎፌናክ ልውሰድ?

ለጥቂት ቀን ሊያስታግስ ይችላል። ጨጓራ፣ ኩላሊት፣ የልብ ችግር ወይም ደም ግፊት ያለበት፣ እንዲሁም ነፍሰ ጡር ሳይጠይቁ አይውሰዱ። ለሳምንታት እየዋጡ ወይም በመርፌ እየተወጉ ሥራ መቀጠል ግን ኋላ በጨጓራና በኩላሊት ያስከፍላል።

መቼ ነው ሐኪም ጋ የምሄደው?

የሚከተሉት ካሉ ስፖርቱን ትታችሁ ሂዱ፦

ሕመሙ ወደ ክንድ እየወረደ እጅ ወይም ጣት ከደነዘዘ፣ ወይም ጉልበት ካጣ። ቁልፍ መቆለፍ ወይም እስክሪብቶ መያዝ ካስቸገረ፣ ስትራመዱ እግራችሁ ከተንገዳገደ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ ግን ነገ የሚባል አይደለም፣ በዚያው ቀን ነው። ከመኪና ወይም ከባጃጅ አደጋ፣ ከመውደቅ በኋላ የመጣ ሕመምም እንዲሁ። ትኩሳትና ከባድ ራስ ምታት ኖሮ አንገት ወደ ደረት አልታጠፍ ካለ ማጅራት ገትር ሊሆን ስለሚችል በአስቸኳይ። ደረት ጭንቅ እያለ ወደ ግራ ትከሻ፣ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚሄድ ሕመም ከልብ ሊሆን ይችላልና አገጭ እየሳባችሁ አትጠብቁ።

ቀስ ብሎ የሚመጣም አለ። የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ፣ እረፍት ላይም የማይተው የጀርባ ሕመም ሲገጣጠሙ መመርመር ያስፈልጋል። የሳንባ ነቀርሳ አከርካሪንም ይይዛል፣ በአገራችን ደግሞ እንግዳ በሽታ አይደለም። ከዚህ ሁሉ አንዱም ሳይኖር፣ ስፖርቱን በትክክል እየሠራችሁ ከ6 ሳምንት በኋላ ምንም ካልተለወጠም ታዩ።

ከተማችን በዚህ ዕድለኛ ናት። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1947 ዓ.ም. በጤና ኮሌጅነት ነው የተጀመረው፤ ዛሬ ፊዚዮቴራፒስቶችን ያሠለጥናል፣ ሆስፒታሉም የፊዚዮቴራፒ አገልግሎት ይሰጣል። ስትሄዱ ሕመሙ መቼ እንደሚብስ፣ መቼ እንደሚቀል፣ ምን እንደሞከራችሁ በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። ኤምአርአይ ካልታዘዘላችሁም አትከፉ። ምንም የማያማቸው ብዙ ሰዎች ምርመራው ላይ የዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መሐል ያለው ትራስ) ለውጥ ይታይባቸዋል፤ ሥዕሉ ብቻውን በሽታ አይደለም።

ሰኔ ላይ በጀት ስንዘጋ ቀና ለማለትም ጊዜ የለም። ያን ጊዜስ?

ሰኔ 30 እስኪያልፍ ሙሉውን አትሞክሩት፣ ይቋረጥባችኋል። ሁለት ነገር ብቻ ያዙ። ፕሪንተሩ ወረቀት እስኪተፋ ቆማችሁ አገጭ 10 ጊዜ፤ ማታ ቤት ስትገቡ ጫማ ሳታወልቁ 2 ደቂቃ ካላማዳሪያ። ካላማዳሪያውን የበሩ እጀታ ላይ አንጠልጥላችሁ ውጡ፤ መሳቢያ ውስጥ ከገባ እስከ ሐምሌ አታገኙትም።